በረኪና አይደለም

በረኪና ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ብሎት ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልኩን በምላሴ እገርፈው ነበር። እኔ ስሆን ጊዜ ማንን ልስደብ?

የምሠራው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ከሦስት የእንግዳ ማረፊያዎችና ከሁለት ክሊኒኮች አንሶላ፣ ፎጣ፣ የትራስ ልብስና ነጭ ጋዋን በጆንያ ይመጣልናል፤ ዘፍዝፈን፣ አጥበን፣ ተኩሰን፣ አጥፈን እንመልሳለን። ስድስት ሴቶች ነን። ማሽኖቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛዋ ከማጠብ ይልቅ መጨፈር ይቀናታል። አለቃችን ደንበኛ በደወለ ቁጥር "ይደርሳል! ይደርሳል!" ስለሚል አቶ ይደርሳል ብለን አውጥተንለታል፤ ፊት ለፊቱ ግን ጋሼ ነው። ከስድስታችን አንዷ አክስቴ ናት። እናቴ ስትሞት አራት ዓመቴ ነበር። ያሳደገችኝም፣ እዚህ ያስገባችኝም፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብሴን ገፍፋ የምትቀሰቅሰኝም እሷ ናት። እቴቴ እላታለሁ።

ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው የሄድኩት። ከዚያ በኋላ ያስተማረኝ የሰው ኪስ ነው። የክሊኒክ ጋዋን ከመዘፍዘፉ በፊት ኪሱ ይፈተሻል፤ የመድኃኒት መመሪያ፣ የሥልጠና ወረቀት፣ የስብሰባ ማስታወሻ የማይወጣበት ቀን የለም። ሌሎቹ ይጥሉታል፤ እኔ አነበዋለሁ። እርጥብ ከሆነ በካውያ አደርቀዋለሁ። ሴቶቹ "ዶክተራችን" ይሉኛል። መጀመሪያ ለማሽሟጠጥ ነበር። ቆይተው ግን እጃቸውን ዘርግተው መምጣት ጀመሩ፤ እኔም ሹመቱን አልጠላሁትም።

እኛ ዘንድ ጤነኛ እጅ የለም። በረኪና ይልጠዋል፣ ካውያ ይለበልበዋል፣ ሙቅ ውሃ ያሳብጠዋል። ስለዚህ እጅ ላይ የሚወጣ ነገር ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ "በረኪና በላኝ" ይባላል፣ አለቀ። ትንንሾቹ የቫዝሊን ዕቃዎች እየጠፉ ሲያስቸግሩ፣ ከሁሉም ትልቁን ገዝቼ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ያኖርኩት እኔ ነኝ። በወፍራም እስክሪብቶ "ለበረኪና እጅ" ብዬ ጽፌ ለጠፍኩበት። ሁላችንም በተራ ጣታችንን እየነከርን እንቀባ ነበር። እንዲያውም እኮራበት ነበር።

አንድ አርብ አክስቴ አውራ ጣቷን ይዛ መጣች።

"ዶክተር፣ ይቺ ምንድን ናት?"

እጄ ሥራ ላይ ነበር፤ አሻግሬ አየኋት። አንዲት ቀይ ሽፍታ፣ የምስር ፍሬ የምታህል።

"በረኪና ነው፣ እቴቴ። ቫዝሊኑን ቀቢው።"

"ታማለች እኮ።"

"በረኪና ያማል።"

ጣቷን ነክራ ቀባች። ስላነሳት መልሳ ነከረች። ይሄንን ሳስታውስ አሁንም ጥርሴን አፋጫለሁ።

በዚያ ሰሞን አክስቴን የሚይዛት አልነበረም። ልጇ፣ ማለትም እንደ እህቴ አብራኝ ያደገችው፣ ከዘጠኝ ዓመት ጥበቃ በኋላ ሴት ልጅ ወልዳለች። ያለችው ሌላ ከተማ ነው፤ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት የባሏ እናት ይዛታለች፤ ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ተራው የአክስቴ ነው፣ ለአንድ ወር ሙሉ። ለፈቃዱ ከአቶ ይደርሳል ጋር ያልተጣላችበት ቀን የለም። ሻንጣዋ ከሰኞ ጀምሮ በር ላይ ቆሞ ነበር።

"ያቺ ሴትዮ አራስ ልጅ እንዴት እንደሚታቀፍ መች ታውቃለች!" ትላለች፣ የባልየውን እናት ማለቷ ነው። "አንገቷን ሳትደግፍ ነው አሉ የምታነሳት።"

"ማን አለ?"

"ይታወቃል።"

ማክሰኞ አተኮሳት። ድካም ነው አለች። ረቡዕ ጠዋት ልብሷን ስትቀይር ክንዷን ማንሳት አቃታት፤ ብብቷ ውስጥ ንፍፊት አለ፣ እንቁላል የሚያህል። እንዲህ ሆና ሥራ ገባች። ምሳ ሰዓት ላይ ተኳሿ፣ ጎናችን የምትቆመው ሴት፣ ጣቷን ዘረጋችልኝ። "ዶክተራችን፣ እኔንም በረኪና በላኝ።" የእሷም የምስር ፍሬ የሚያህል። ቀና ብዬ አክስቴን አየሁ። አውራ ጣቷ ላይ ያለችው አብጣ ነጥታለች፤ መሐሏ እንደ እምብርት ጎድጎድ ብሏል። መዳፏ ላይ ሁለት ተጨምረዋል። አንዷ ደግሞ ከንፈሯ ጥግ ላይ ናት።

በረኪና ከንፈር ላይ አይወጣም። በረኪና አያተኩስም፣ ንፍፊትም አያወጣም። ይሄንን ለማወቅ ዶክተር መሆን አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል፣ እኔ ደግሞ ዓይኔን አምስት ቀን ሙሉ አንሶላ ላይ ተክዬ ነበር።

መሳቢያዬን ገልብጬ ከጋዋን ኪስ ያወጣኋቸውን ወረቀቶች በተንኩ። ከሁለት ወር በፊት ያነበብኩት አንድ የሥልጠና ወረቀት ነበር፤ ስለ ኤምፖክስ፣ ድሮ የዝንጀሮ ፈንጣጣ ሲባል ስለነበረው። የጥንቱ ፈንጣጣ ዘመድ ነው ይላል። ትኩሳት፣ ንፍፊት፣ ፈሳሽ የሚቋጥር መሐሉ የጎደጎደ ሽፍታ፤ መዳፍና ፊትም ላይ ይወጣል። በቆዳ ንክኪ ይተላለፋል፣ በአንሶላና በፎጣም፣ ሽፍታው የነካውን ዕቃ በመጋራትም። ከታች በኩል በደማቁ፦ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች እጅግ አደገኛ ነው።

አንብቤዋለሁ! ሁለት ጊዜ! ከሥሩ አስምሬበታለሁ! ቆሽቴ አረረ።

ማታ ቤት ስንገባ በሩን ዘጋሁና ነገርኳት። አክስቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሕፃኗን ኮፍያ ትሠራ ነበር፤ መርፌዋን ሳታቆም ሰማችኝ።

"ጨረስሽ?" አለች።

"ጨረስኩ።"

"አርብ ዕለት በረኪና ነው አላልሽኝም?"

"ብዬሻለሁ። ተሳስቻለሁ።"

"እንግዲህ አርብ የተሳሳተ ሰው ረቡዕ እንዳልተሳሳተ በምን አውቃለሁ?"

የሥልጠና ወረቀቱን አውጥቼ ኮፍያው አጠገብ ዘረጋሁላት።

"እቴቴ፣ ነገ ክሊኒክ እንሂድ። ካልሆነ ትስቂብኛለሽ።"

"እዚያ ሄጄ ምን ልባል? ሰዉ ይሄንን ምን እንደሚለው አልሰማሽም? የባለጌ በሽታ ነው የሚሉት። በስንት ዓመቴ! ባሌ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ፣ ከአንሶላ በስተቀር የነካሁት ነገር የለም።"

"እኮ! አንሶላው ነው!"

"ድምፅሽን ቀንሺ፣ ግድግዳው ስስ ነው።"

ሐሙስ ጠዋት እኔ ሳላውቅ ቀድማኝ ወጣች፤ ክሊኒክ ሳይሆን መንገዱ ጥግ ያለው መድኃኒት ቤት። መድኃኒተኛው በመስኮት በኩል ከንፈሯን አይቶ፣ እጇን እንኳ ሳያይ፣ አልማዝ ባለጭራ ነው ብሎ አንድ ቱቦ ቅባት ሰጣት። ቱቦውን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጋ ይዛ ማጠቢያ ቤት ገባች።

"አልማዝ ባለጭራ!" አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። "የተማረ ሰው ነው የነገረኝ፣ ግድግዳው ላይ ወረቀቱ ተሰቅሏል።"

"አልማዝ ባለጭራ በአንድ ጎን በኩል ነው መስመር ሠርቶ የሚወጣው። ያንቺ በሁለቱም እጅሽ፣ ከንፈርሽም ላይ ነው። ተኳሿስ? አልማዝ ባለጭራ ተከፋፍላችሁ ወሰዳችሁ?"

ሴቶቹ ሳቁ። ተኳሿ አልሳቀችም፤ ጣቷን ከጀርባዋ ደበቀች።

አቶ ይደርሳል ዘንድ ገባሁ። ስልክ ይዞ ነበር፤ "ይደርሳል፣ ይደርሳል" ብሎ ዘጋ። ነገርኩት። ፊቱ ቀስ እያለ እንደ ዝናብ ደመና ጠቆረ።

"ይሄንን ቃል ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትጠሪ። ክሊኒኮቹ ቢሰሙ ነገ ጆንያቸውን ያነሳሉ።"

"ጋሼ፣ ምናልባት ከጆንያቸው ነው የመጣው።"

"ምናልባት! በምናልባት ቤት አይዘጋም። ስድስት ቤተሰብ ነው የሚበላበት። ከፈራሽ ጓንት አድርጊ።"

"ጓንቶቹ ካለቁ አራት ወር ሆኗቸዋል። ይደርሳሉ ብለውን ነበር።"

ውጪ አለኝ። ወጣሁ፤ ግቢው ውስጥ ልብስ ማስጫ ገመዱ ሥር ቆሜ ጤና ቢሮ ደወልኩ።

የመጀመሪያዋ፣ "የትኛውን ክፍል ነው የፈለጉት?" አለችኝ።

"ስለ ሽፍታ የሚያውቀውን።"

"የእናቶችና ሕፃናት ላገናኝዎ?"

"ከማንኛውም ሰው ጋር ያገናኙኝ።"

ሁለተኛው ሰውዬ ሙሉውን አዳምጦኝ ሲያበቃ፣ "ከተቋሙ ኃላፊ የተጻፈ ደብዳቤ ይዘሽ ነይ" አለ።

"ደብዳቤው ሲደርስ ሽፍታው ቆሞ ይጠብቀናል?"

ስልኩ ተዘጋ። እንደገና ደወልኩ። ያችው የመጀመሪያዋ አነሳችው፤ በድምፄ አወቀችኝ መሰለኝ፣ ተንፍሳ ሌላ መስመር ላይ ጣለችኝ። ሦስተኛዋ ሴት አፏ ውስጥ ምግብ ነበር። እየሰማችኝ ስታኝክ ቆይታ ድንገት ማኘኳን አቆመች።

"መዳፍ ላይም አለ አልሽኝ?"

"አለ።"

"ንፍፊትስ?"

"ብብቷ ውስጥ።"

"የማንን አንሶላ ነው የምታጥቡት?"

ነገርኳት።

"ሁለቱ ሴቶች ቤታቸው ይሂዱ፣ ሽፍታውን በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑት። ፎጣም ሆነ ቅባት ከማንም ጋር አይጋሩ። ነገ ራሴ እመጣለሁ።"

"ቅባት" ስትል ዓይኔ በመስኮቱ በኩል መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ከስድስታችን አንዷ ጣቷን ነክራ እየቀባች ነበር። ስልኩን ሳልዘጋ ሮጥኩ።

አርብ ከሰዓት በኋላ የጤና ባለሙያዋ መጣች፤ አጭር፣ ቦርሳዋ ከራሷ የሚበልጥ፣ ጫማዋ አቧራ የጠገበ ሴት። እሷን ማስወጣት ቀላል አልነበረምና አቶ ይደርሳል ወንበር አቀረበላት። አክስቴ ሐሙስም አርብም ከሥራ አልቀረችም፤ "ታምማ ቀረች እንዳይባል" ነው ምክንያቱ። ባለሙያዋ አክስቴንና ተኳሿን ብቻቸውን አነጋገረቻቸው፣ ከሽፍታቸው ናሙና ወሰደች። ስለ ባለጌም ስለ ጨዋም አንዲት ቃል አላነሳችም። አክስቴ ስትወጣ ትከሻዋ ትንሽ ወረድ ብሎ ነበር።

"እስቲ እንዴት እንደምትሠሩ አሳዩኝ" አለችን ቀጥላ።

አሳየናት። ጆንያ ተፈታ። ሁለት ሴቶች አንድ አንሶላ በአራት ጫፉ ይዘው ሽቅብ ወርወር፣ ቁልቁል ሳብ፣ ሦስት ጊዜ አራገፉት። አንድ ጊዜ አንሶላ ውስጥ የቀረ ጉትቻ ማሽኑን ሰብሮት ስለነበር ሳይራገፍ የሚታጠብ አንሶላ የለም፤ አቶ ይደርሳል ለአዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚያስተምረው ይሄንኑ ነው። በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ብናኙ ወርቅ መስሎ ተንሳፈፈ።

"አቁሙ!" አለች ባለሙያዋ፣ እጇን ዘርግታ። "በቀን ስንቱን እንዲህ ታራግፋላችሁ?"

"ሁለት መቶ ግድም" አለ አቶ ይደርሳል፣ ኮራ ብሎ። "ለጥራት ነው።"

"ከታመመ ሰው ቆዳ የረገፈ ቅርፊት አንሶላው ላይ ይቀራል። እሱን ነው በቀን ሁለት መቶ ጊዜ ፊታችሁ ላይ የምትበትኑት። ከእንግዲህ ሳይራገፍ ተጠቅልሎ ቀጥታ ወደ ሙቅ ውሃ ይግባ። ዕቃ መኖሩን በጓንት ዳስሱት።"

አቶ ይደርሳል ከብናኙ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

"መጀመሪያ ላይ በረኪና ነው ያላችሁ ማን ነው?" አለች ማስታወሻዋን እየገለጠች። በቁጣ አልነበረም፤ ለመጻፍ ያህል።

ሁሉም እኔን አየ፤ አቶ ይደርሳል ሳይቀር። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ቫዝሊኑንም ለሁላችን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።"

ጻፈች። ከዚያ ዕቃውን በጓንት አንስታ ፌስታል ውስጥ ከተተችው። "በስልክ የደወልሽውም አንቺ ነሽ" ብላ እሱንም ጻፈች። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም፤ ሁለቱም እዚያው ወረቀት ላይ ናቸው።

ውጤቱ ማክሰኞ ይደርሳል ተባልን። እስከዚያ አክስቴ ከቤት እንዳትወጣ፣ በተለይ ደግሞ ሕፃን እንዳትነካ በግልጽ ተነገራት። "እሺ" አለች። የአክስቴን "እሺ" አውቀዋለሁ። በሃያ ዓመት ውስጥ እሺ ብላ የቀረችበት ነገር አላየሁም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የሻንጣ ጎማ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። አክስቴ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የመንገድ ጫማዋን አድርጋለች። እጇ ላይ የእኔን የክረምት ጓንት አጥልቃለች፣ በዚያ ሙቀት! ከንፈሯን በሻሽ ሸፍናለች።

ዘልዬ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ውጤቱ አልመጣም" አለች። "ያልመጣ ነገር አያስቀረኝም።"

"እቴቴ፣ የዐሥራ አምስት ቀን ልጅ ናት!"

"ጓንት አድርጌያለሁ።"

"ለወር ሙሉ በጓንት ልታጥቢያት ነው? ልትስሚያትስ?"

"አልስማትም።"

"አንቺ? አልስማትም?"

ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ወዲያው ግን በቁጣ ዋጠችው። "ዘጠኝ ዓመት! ዘጠኝ ዓመት ስለት ተስያለሁ። አሁን ያቺ ሴትዮ ተራዬን ትወስድና፣ ልጅቷ ዓይኗን ስትገልጥ አያት ብላ እሷን ታውቃለች። ሁሉም ባንቺ የተነሳ ነው። በረኪና ነው ብለሽ ባትቀልጂብኝ ያኔውኑ እታከም ነበር። አሁን ደግሞ ሊቅ ሆነሽ በር ትዘጊብኛለሽ!"

ይሄኛው ቦታውን አገኘ። ምክንያቱም እውነት ነው።

"እውነትሽን ነው" አልኩ። "የኔ ጥፋት ነው። ለዚህ ነው የማላሳልፍሽ።"

ስልኬን አውጥቼ ለእህቴ ደወልኩላት። አክስቴ ልትነጥቀኝ ዘለለች፤ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። እንቅልፍ ባልጠገበ ድምፅ "ሃሎ" አለች፤ ከኋላዋ ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ እንደ ድመት ግልገል ቀጭን። ድምፁን ከፍቼ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሽፍታውን፣ ትኩሳቱን፣ ባለሙያዋ ያለችውን፣ በረኪናውንም።

"እማዬ፣ እዚያ አለሽ?" አለች እህቴ።

አክስቴ የሻንጣዋን እጀታ ጨበጠች።

"እማዬ፣ አትምጪብኝ።"

አትምጪብኝ። እኔ እንኳ ከዚህ የለሰለሰ ቃል ጠብቄ ነበር። አክስቴ ጓንቱን ከአንድ እጇ አወለቀች፤ ከዚያም ከሌላኛው። ሻንጣዋን እያንከባለለች ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋችው። አልወረወረችውም። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ ውጤቱ መጣ። ኤምፖክስ ነው፤ የሁለቱም። ማጠቢያ ቤቱ ሊጸዳ ለአንድ ሳምንት ተዘጋ። በመጨረሻም ጓንቱ ደረሰ፣ ሦስት ካርቶን። አንደኛው ክሊኒክ ጆንያውን አነሳ፤ አቶ ይደርሳል ደውሎ ስሜንም የእናቴንም ስም ጠርቶ ሰደበኝ። ሴቶቹም ስለተዘጋባቸው አኮረፉኝ። ሁለቱ ግን በድብቅ ደውለው "እጄ ላይ የወጣውን በፎቶ ብልክልሽ..." አሉኝ። "እኔ ጋ አይደለም፣ ባለሙያዋ ጋ ላኪ!" ብዬ ጮህኩባቸው። አንድ ሰው ስንት ጊዜ ይማራል?

በሳምንቱ እኔም አተኮሰኝና አንጓዬ ላይ ሁለት ወጡብኝ። እንዳልገረመኝ ሆኜ ጨርቅ ጠቀለልኩባቸው።

ያ ሰሞን በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ከማታናግረኝ ሴት ጋር፣ እንዴት እንዳለፈ እግዜር ይወቀው። አክስቴ የምትፈልገውን ለግድግዳው ነበር የምትናገረው። "እዚህ ቤት ውሃ የሚያፈላ ጠፋ።" "እዚህ ቤት ሳሙና የሚባል ነገር አልቋል መሰለኝ።" እኔም ለግድግዳው እመልሳለሁ። "ሳሙናው ከፊት ለፊት ነው፣ ዓይን ላለው ሰው።" ከእህቴ ጋር ግን በቀን አራት ጊዜ በስልክ ትጮሃለች፦ አንገቷን ደግፊ፣ ውሃውን በክንድሽ ለኪው፣ ያቺ ሴትዮ ማር እንዳታልሳት። ሕፃኗ ትኩሳትም ሽፍታም የለባትም። ይሄንን ጥያቄ ሁልጊዜ የምትጠይቀው በመጨረሻ ነው፤ መልሱን እስክትሰማ ደግሞ ትንፋሿን ትይዛለች።

የጤና ባለሙያዋ በየጠዋቱ ትደውላለች። ደንቡ ግልጽ ነው፦ ቅርፊቱ ሁሉ ረግፎ ከሥሩ አዲስ ቆዳ እስኪወጣ ድረስ አክስቴ ሰው አትነካም። መጀመሪያ ከንፈሯ ላይ ያለው ረገፈ፣ ከዚያ የአውራ ጣቷ፣ ከዚያ እግሯ ላይ ከጊዜ በኋላ የወጡት። አንድ ቀን በጥፍሯ ስትገፋው አገኘኋት።

"እቴቴ!"

"ማሳከክ ክልክል ነው?" አለች ለግድግዳው።

ሽፍታው በወጣ በሃያ ስድስተኛው ቀን እህቴ ማታ ደውላ የባሏ እናት እሑድ ወደ ቤቷ እንደምትመለስ ነገረቻት። ማለዳ ላይ አክስቴ ታጥባ፣ ጸጉሯን ተጎንጉና፣ ደማቁን ቀሚሷን ለብሳ አገኘኋት። አንዲት ቅርፊት ቀርታለች፣ መዳፏ መሐል፤ ትናንት አይቻታለሁ። እጇን ጨብጣዋለች። ባለሙያዋ የምታምነው የስልክ ቃሏን ነው። አንድ "አዎ" ካለች፣ በሁለት ሰዓቱ አውቶቡስ ትሄዳለች፤ እኔ አሁን በተራዬ የታመምኩ ሰው ነኝ፣ መንገድ ላይ ሮጬ ልይዛት አልችልም።

ስልኩ ጮኸ። ማድቤቱ ውስጥ ድስት ይዤ ደረቅሁ።

"ደህና አደሩ" አለች አክስቴ። "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን... አዎ። ትኩሳት የለም... አዎ። የእግሬም ረግፏል።"

ከዚያ ዝም አለች። ባለሙያዋ የጠየቀቻትን አልሰማሁም፤ ግን አውቀዋለሁ። ድስቱን አስቀምጬ በሩን ልዘጋ አንድ እርምጃ ተራመድኩ፤ ከዚያ ተውኩት። አንዴ ዘግቼባታለሁ።

"አይ" አለች አክስቴ። "አንዲት ቀርታለች። መዳፌ ላይ፣ የልጅቷን አንገት የምደግፍበት ላይ።"

ስልኩን ዘጋች። ከዚያ፣ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከግድግዳው ወደ እኔ ዞረች።

"ምን ታፈጥጪብኛለሽ? ነይ እዚህ፣ የአንቺን ልየው። ደግሞ ውሃውን ፈልቶ ሳይተን አውርጂው፣ አንድ ነገር እንኳ ያለ ቁጣ መሥራት አትችዪም?"